ዝም ያለው ወፍጮ

ቡራዩ ባለው ቢሮዬ ኮምፒውተሬ እየተንቀጠቀጠ ቢያስቸግረኝ፣ ከሳጥኑ ስር ከአሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ የወጣ ቁራጭ ከመነዳሪ አነጠፍኩለት። ጩኸቱ በረደ። የጎማው ሽታ ግን ወደ ልጅነቴ፣ ሱሉልታ ወደነበረው የአባዬ ወፍጮ ቤት ወሰደኝ።

ያኔ ጎረቤቱን ጩኸቱ ስላማረረው፣ አባዬ በሞተሩ እግር ስር ከመነዳሪ ጠቀጠቀ። ወፍጮው ሲለሰልስ እኔ ደስ አለኝ። እሱ ግን መዳፉን ሞተሩ ላይ አድርጎ፣ በዚያ ብርድ በላብ ተጠመቀ።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?»

«ሲጮህ የቱ ጋ እንዳመመው ይነግረኝ ነበር። አሁን ምኑን ልስማ? ቺንጋው ጋ እንዳትጠጊ!»

አልገባኝም። በሦስተኛው ቀን የሞተሩ ብሎን መላላቱን ማንም ሳይሰማ፣ ወፍጮውን የሚያሽከረክረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተፈትልኮ የአባዬን ሁለት ጣቶች ወሰደ።

ኮምፒውተሬ አሁን ጸጥ ብሏል። መዳፌን ሳጥኑ ላይ እንደጫንኩ ነኝ፤ ማንሳት ፈራሁ።