ፌጦ ለምርቃት

ለባቡሩ ሐዲድ ተብሎ አካባቢው ሁሉ በተቆፈረበት ዘመን፣ እኔ መርካቶ ውስጥ ከራጉኤል ዝቅ ብሎ ባለ ተራ ቅመም እሸጥ ነበር። በርበሬዬ ከመንገዱ አቧራ የሚለየው በማስነጠሱ ብቻ ነው። ከረጅም ዓመት ንግድ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ያልተጠየቅሁትን መናገር ነው።

ከጎኔ ድስት የምትሸጥ ጎረቤት ነበረችኝ። ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኝቶ ሰኞ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት ቀጠሮ ተይዞ ነበር። ይህን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። ሰው መምረጥ ላይ ትንሽ ይቀራት ነበር።

በዚያው ሰሞን ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የምትማረው ልጄ ሱቅ መጥታ የፌጦው ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ዘር እርጥብ አፈር ሲነካው ሻጋታ እንዳይበላው ጥቃቅን ፕሮቲኖች ይረጫል አለችኝ፤ የሰናፍጭ ዘመዶች በዚህ የታወቁ ናቸው፣ ፌጦም ዘመዱ ነው። ከትምባሆ አበባ የወጣውን ደግሞ ቤተ ሙከራ ውስጥ የካንሰር ሕዋስ ላይ ሲያንጠባጥቡት፣ የሕዋሱ ሽፋን ላይ ያለ አንድ ዓይነት ስብ ፈልጎ ይይዛል፣ ሽፋኑ ይበሳል፣ ሕዋሱም የያዘውን ሁሉ አፍስሶ ይሞታል።

«እንደ ተቀደደ የዘይት ጀሪካን?»

«ይሁንልህ አባዬ፣ እንደ ጀሪካን።»

እሷ ከመሄዷ ጎረቤቴ ብቅ አለች። «ፌጦ ካንሰርን እንደ ጀሪካን ይበሳል» አልኳት። ቤተ ሙከራውንና ትምባሆውን ዘለልኳቸው። ትምባሆ አልሸጥም።

በማግስቱ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ሰኞ አልሄድም። ፌጦውን ይስጡኝ» አለችኝ።

ወዲያው ልጄ ጋ ደወልኩ።

«ቢበሉትስ?»

«ሆድ ከሽሮ አይለየውም አባዬ፣ ይፈጨዋል። በመርፌ ይሰጥ ቢባል እንኳ ጤነኛውን ሕዋስም እንዳይበሳ ገና እየተጠና ነው። ለማን ነው የነገርከው?»

«ለማንም» ብዬ ዘጋሁት።

ከዚያ የሠራሁት ስህተት የነጋዴ ልጅ እንኳ የማይሠራው ነው። ለጎረቤቴ «ፌጦ የለም» አልኳት። ስኳርና ዘይት በሚጠፋበት በዚያ ዘመን «የለም» ያለ ነጋዴ መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ሙሉ ነው።

«ልጅዎ የተቀመጠችበት ጆንያ ምንድን ነው?»

«እሱ... ለዘር ነው።»

«ደብቀው ሊያስወድዱት ነው።»

«ዋሽቼሽ ነው። ለዚህ በሽታ አይሠራም።»

«ዕቃው እስኪወደድ ማቆየት ሲፈለግ እንዲህ ይባላል። እኔም በድስት እለዋለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ሁለት ሌሎች ሴቶች መጥተው ፌጦ ጠየቁኝ። ለምን እንደሚፈልጉት አያውቁም፤ ሊወደድ ነው መባሉን ብቻ ሰምተዋል። እውነት ተናግሬ ሳልታመን የቀረሁት ያን ቀን ነው። እርግጥ በሌላው ቀን ብዙም አልሞከርኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ብልሃቱ መጣልኝ። በርበሬ ለገዛ ሁሉ አንዳንድ እፍኝ ፌጦ ምርቃት መጨመር ጀመርኩ። ለእሷ ደግሞ ምንም ሳትገዛ አንድ ከረጢት ሞልቼ ሰጠኋት።

«ውሰጂው፣ ቦታ ይዞብኛል።»

«በነፃ?»

«በነፃ። ከፈለግሽ ጆንያውንም ጭምር።»

ከረጢቱን ከፍታ አሸተተችው። «ነቅዟል እንዴ?»

«ደህና ነው። ለጉንፋን ይሆናል።»

«ለጉንፋን ብቻ?»

«ለጉንፋንም አልፎ አልፎ ነው።»

ከረጢቱን ባንኮኒው ላይ መልሳ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። መርካቶ ውስጥ በነፃ የሚሰጥ መድኃኒት እንደሌለ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

«ቢላዋውን ነው የምፈራው፣ ጋሼ» አለች።

ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ፌጦ ስሟገት ይህ አልታየኝም ነበር።

«ሰኞ ሱቄን ዘግቼ አብሬሽ እመጣለሁ።»

«እርስዎ መጥተው ምን ይሠራሉ?»

«እፈራለሁ።»

ሰኞ እሷ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች፤ እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ቃሌን ጠበቅሁ። ወደ ማታ አካባቢ ሐኪሙ ወጥቶ ቀዶ ሕክምናው በደህና ማለቁን ነገረኝ።

ማክሰኞ ሱቄን ስከፍት በተራው ሁሉ ፌጦ ተወድዶ ጠበቀኝ። ጎረቤቶቼ በሥራ ቀን የዘጋሁት የቀረውን ልደብቅ መስሏቸዋል።