ለሃምሳ ዘጠኝ የሚካፈለው ቁጥር

ባለፈው ሳምንት አዳማ ላይ ከፊቴ ገጭ ብላ የቆመችው ባጃጅ ሰሌዳዋ 30031 ይላል። ደሜ ፈላ። ሹፌሩ «ፋዘር፣ ይግቡ እንጂ!» ቢለኝ ተቆጥቼው አለፍኩ፤ እሱ ምን አደረገ፣ እኔን ያበገነኝ ወንጂ፣ ስምንተኛ ክፍል የቀረ ነገር ነው።

የአገዳ ቆረጣ ወቅት ነበር። ማሳው ሲቃጠል ጥቁሩ አመድ በተሰበረው መስኮት እየገባ ደብተራችን ላይ ያርፋል፣ የስኳር ፋብሪካው የሞላሰስ ሽታ ከጠዋት ጀምሮ ክፍሉን ይሞላዋል። የሂሳብ መምህራችን በዚያ ሙቀት ከረባቱን ሳያላላ ሁለትን፣ ሦስትን፣ አምስትን፣ ሰባትን፣ አሥራ አንድንና አሥራ ሦስትን አባዝቶ አንድ ደመረበትና 30031 ብሎ ጻፈ። ለእነዚህ ለማንኛቸውም ቢካፈል አንድ ይተርፋል፤ ስለዚህ፣ አለ ሁለቴ እያሰመረበት፣ ከራሱና ከአንድ በቀር ለማንም አይካፈልም።

አጠገቤ የምትቀመጠው ድንቅነሽ፣ ከከምባታ የመጡ የአገዳ ቆራጭ ልጅ፣ ቁጥር ከያዘች አትለቅም። መምህሩ አሥራ ሦስት ላይ ሲያቆም እሷ በአሥራ ሰባት፣ በአሥራ ዘጠኝ፣ በሃያ ሦስት እያለች የደብተሯን ጀርባ በማካፈል ሞላችው፤ ሃምሳ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ምንም አልተረፈም። እጇን አወጣች፣ ሰሌዳው ላይም 59 × 509 ብላ ጻፈች። ሁለት መስመር አባዝቶ ማየት ነበር! እሱ ግን ፊቱ ቀልቶ «ነገ ወላጅ ይዘሽ ነይ፤ ይሄም እንዳይጠፋ» አለ።

በማግስቱ አባቷ ሥራቸውን ጥለው፣ አመዱ ከአንገታቸው ሳይለቅ መጡ። ምን አጠፋች ብለው እንኳ አልጠየቁም፤ እኛ የአገዳ ሠራተኞች ካምፕ ውስጥ መምህር አይጠየቅም። ኮፍያቸውን አውልቀው «ይማሯት መምህር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እርስዎ ያሉት ነው ልክ» አሉና ወደ ልጃቸው ዞረው «አጥፊው» አሏት። በመዳፏ አጠፋችው።

ያኔ መምህሩ ወደ እኔ ዞሮ «አንተስ፣ አባዝተህ አይተኸዋል?» አለኝ። ማታውን ቤቴ አባዝቼው ልክ 30031 መጥቶልኝ ነበር። ደብተሬን በክርኔ ሸፍኜ «አላየሁም ቲቸር» አልኩ። በመምህሩ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ፤ በራሴ ግን ይብሳል፣ እሱ ተሳስቶ ነው፣ እኔ እያወቅሁ ነው።

ድንቅነሽ ከዚያ ወዲያ እጇን አላወጣችም። የፈተና ወረቀቷን ግማሽ ባዶ እየመለሰች ከረመች፣ በዚያ ዓመት የሂሳብ ሽልማቱም ለእኔ ተሰጠ። እንዲያ ያለች ልጅ ምን ትደርስ እንደነበር ማን ይነግረኛል?

የትምህርት መዝጊያ ቀን አባቷ በሕዝቡ መሃል አቆራርጠው መጡና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ልጄ፣ አንተ ጎበዝ ነህ» አሉኝ፤ «እባክህ እሷንም አስጠናልኝ።»

እሺ አልኳቸው።