አባቴ የተረቱበት ሙግት

አባቴ አቶ ምናለ ጎንደር አለፋ ሳሉ ሙግት ረትተው እንጂ ተረትተው አያውቁም። እስራኤል፣ አሽዶድ መጥተው፣ የጀልባ ማቆሚያው ማሪና ዳር የካፌ ወንበር ሲደረድሩ አርጅተውም አመሉ አልለቀቃቸውም። በሰፈራችን በሮቫ ዛይን ያለው ጎረቤታችን ውሻው ሲጮህ እንኳ «ተጠየቅ!» ብለው ይነሡበታል።

«ሙግት ጉልቻ ነው» ይሉኝ ነበር። «ባላጋራሽን ሁለቱን ድንጋይ ካሳመንሽው፣ ሦስተኛውን በግዱ ይቀበላል።»

ታናሽ እህታቸው ሸጋዬ ጎንደር ሆና ወደዚህ ለመምጣት ስትጠብቅ ዕድሜዋ ሄደ። በመጨረሻ «ዘሯ ከእስራኤል መሆኑ አልተረጋገጠም» ተብሎ ጥያቄዋ ወደቀ። አባቴ የበዓል ሸሚዛቸውን ለበሱና «ታሚ፣ ሚስራዱ፣ መሥሪያ ቤቱ ውሰጂኝ፤ ዕብራይስጡ ያንቺ፣ ነገሩ የኔ» አሉኝ። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ።

የቢሮው ሠራተኛ ዚቫ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ውሃ ቀድታልናለች። አባቴ ቆመው «ተጠየቂ!» አሉ። «እኔን ዘርህ ከእኛ ነው ብላችሁ አስገብታችሁኛል። ሸጋዬና እኔ የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ነን። እንግዲያ እሷም ከእናንተ ናት።» ተረጎምኩ። ጉልቻው ቆመ፤ በልቤ አጨበጨብኩ።

ዚቫ በቀስታ መለሰች።

«ዘር እኛ ዘንድ የሚቆጠረው በእናት ነው፤ አንድ እናት መሆናችሁን ልቀበል። እሷ አይደለችም ተብሎ ግን ተወስኗል፤ ልሽረው አልችልም። እንግዲያ የሚወድቀው የመጀመሪያው ነው። አንቱም አይደሉም ማለት ነው። ይህን ቃል ከጻፍኩት የአንቱም ቲክ፣ መዝገብዎ፣ እንደገና ይከፈታል፤ የልጆችዎም። ልጻፈው?»

በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! በራሳችን ድንጋይ መታችን፤ ነገሯን ገልብጬ ባየው እንከን አጣሁበት። ባልተረጉመው ምን ነበረበት? ተረጎምኩት።

አባቴ የወታደሩን ወንድሜን የዖርን ስም ጠሩና ተቀመጡ። «ተሳስቻለሁ በያት» አሉ። «ሸጋዬና እኔ በአባት እንጂ በእናት አንገናኝም።»

አያቴን ካዷት። እህታቸውን በገዛ አፋቸው ዘጉባት፣ ለእኛ ሲሉ። አላዘንኩባቸውም ብል ውሸት ነው፤ አመሰገንኳቸውም፤ በዚህ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ማታ ሸጋዬ በቫይበር ደወለች።

«ወንድምዬ፣ አንተ ከተናገርህማ አለቀ!» አለች እየሳቀች። «አንድ እናት ነን ብለህ ረታሃቸው?»

«ብያለሁ» አሉ አባቴ።

«ታዲያ ምን መለሱ?»

አባቴ ስልኩን እጄ ላይ አስቀምጠው ወጡ። ሸጋዬ «ታሚ፣ ታሚዬ፣ ምን መለሱ?» ትላለች።