ሳይመጣ የተወራለት ኮምፒዩተር

ይህ የሆነው በ2007 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ እንጅባራ ውስጥ ነው። የቤቴን ጉዳይ ለሰው የማወራ ሴት አይደለሁም። ያን ሰሞን ግን የእኔን ጉዳይ ከእኔ ይበልጥ ከተማው ያውቀው ስለነበር አልረሳውም።

ፍርድ ቤቱ አጠገብ በኪራይ ቤት ማመልከቻ እጽፋለሁ። ኮምፒዩተሬ አርጅቶ ነበር፤ መብራት በሄደ ቁጥር የጻፍኩትን ይዞ ይጠፋል። ባሕር ዳር የምትኖረው ልጄ ላፕቶፕ ልትገዛልኝ ሱቅ ገባች። ፎቶ አንስታ ለእኔ ብቻ የላከች መስሏት ፌስቡክ ገጿ ላይ ለጠፈችው። ከሥሩም «እማዬ፣ አዲሱ ኮምፒዩተርሽ ይኸው። እስኪመጣ ለማንም እንዳትነግሪ» ብላለች።

ስሕተቷን ስታውቅ ወዲያው አጠፋችው። ማጥፋቷ ነገሩን አባሰው። ተራ ዕቃ ቢሆን ለምን ትደብቀዋለች ተባለ።

በማግስቱ ባጃጅ ተሳፍሬ ስሄድ፣ የማያውቀኝ ሾፌር ስለ ኮምፒዩተሬ ለተሳፋሪዎች ሲያስረዳ ሰማሁ።

«በአዊኛ ብትነግረው በአማርኛ ጽፎ ያወጣል አሉ።»

«ጸሐፊዋስ ምን ልትሠራ ነው?» አለች አንዲት ሴት።

«እሷማ ወረቀት ታቀብለዋለች።»

ሒሳቤን ከፍዬ ወረድኩ።

ከዚያ ወዲያ ደንበኛ ቀረብኝ። ሁሉም አዲሱን ይጠብቃል። ልጄ ደግሞ ሥራ ይዟት መምጫዋ ዘገየ።

ከሁሉ ያስጨነቁኝ የአዘናው ገበሬ አያ ፈንታ ነበሩ። ከጎረቤታቸው ጋር በድንበር ተካሰው ወረዳ ላይ ተረትተዋል። የይግባኝ ጊዜያቸው የሚያበቃው ዓርብ ነው። ሐሙስ ከሰዓት መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«መጣ?» አሉኝ።

«አልመጣም። ይቀመጡና በዚህ ልጻፍልዎ።»

«የፊተኛውንም በዚሁ ጽፈውልኝ ነው የተረታሁት።»

«የተረቱት ምስክር አጥተው ነው፣ አያ።»

«እሱንም አዲሱ ያገኘው ይሆናል።»

«ነገ ካለፈ መሬቱ ለጎረቤትዎ ይጸናል። አዲሱ ቢመጣም የምጽፍበት እኔው ነኝ። ጣቴም ይኸው ነው።»

ጣቴን አዩት። ከዚያ የልባቸውን ተናገሩ።

«እሺ፣ ይጻፍ። ጎረቤቴ ግን መልሱን በአዲሱ እንዳያጽፍብኝ።»

ቃል ሰጠኋቸው። መብራት ሳይሄድብን ጨረስን፤ ዓርብ ጠዋት አስገቡ።

ላፕቶፑ ከመጣ በኋላ ጎረቤትየው መጥሪያ ደርሷቸው መልስ ሊያጽፉ መጡ። በአሮጌው ስጽፍላቸው ዓይናቸው ከአዲሱ ላይ አልተነሳም።

«ይኼኛውስ?» አሉ።

«እሱ በዚህ ጉዳይ አይገባም» አልኳቸው።

ምን እንደመሰላቸው አላውቅም፤ ደንገጥ ብለው ወንበራቸውን ከአዲሱ ራቅ አደረጉ።

ጉዳዩ ሳይፈረድ ሽማግሌ ገባና ታረቁ። ሁለቱም አንድ ላይ መጡ። «የእርቁ ውል እንኳ በአዲሱ ይጻፍልን» አሉ። ግራና ቀኝ ቆመው ያዩኛል። ገና ግማሽ ሳልደርስ መብራት ሄደ። ቤቱ ጨለመ፤ ላፕቶፑ ግን እንደበራ ነው። አያ ፈንታ ጎረቤታቸውን በክርናቸው ጎሸም አደረጉና «አላልኩህም?» አሏቸው።

ባትሪ እንዳለው ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ሁለቱንም አየሁና መጻፌን ቀጠልኩ።

ያኔ ልጄን ክፉኛ ተቆጥቻት ነበር። አሁን ነገሩ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ። መሳቄን ግን ለእሷ አልነገርኳትም። ከነገርኳት ፌስቡክ ላይ ነው የማገኘው።