እትዬ ኤጭ ጉዝጓዙን ስትገልጠው

በስሟ የሚጠራት የለም። ፈረሶቹ በሚያድሩበት ረጅም ጋጣ ከባለቤቱ ጀምሮ ሁሉም «እትዬ ኤጭ» ነው የሚላት፤ በቀን መቶ ጊዜ ኤጭ ትላለቻ! ሰው የጠጣበትን ብርጭቆ ሦስት ጊዜ ሳታጥብ አትነካም። ጎረቤት የጨበጠውን እጇን እንኳ ቤቷ ስትገባ በሳሙና ትፈትጋለች። ይህችው ሴት ናት እንግዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የፈረስ ፋንድያ ስትዝቅ የኖረችው።

«እንዴት ቻልሽው?» ሲሏት መልሷ አንድ ነው፦ «የማይጸየፍ ሰው ምን ያጸዳል? ከቆሻሻው ጋር ተስማምቶ ይከርማል እንጂ።»

ጠዋት ጠዋት እርጥቡን አውጥታ፣ ወለሉን ጠርጋ፣ እስኪደርቅ ትጠብቃለች። ከዚያ ገለባውን እያራገፈች፣ የሻገተውን እየጣለች፣ ወፍራም አድርጋ ትጎዘጉዛለች፤ ግድግዳው ሥር ደግሞ ከፍ ታደርገዋለች። መጨረሻ ላይ በሁለት ጉልበቷ ትንበረከክበታለች። ጉልበቷ ከረጠበ ሁሉም እንደገና ይወጣል።

ይኸው መንበርከክ ጉልበቷን ጨረሰውና ሐኪም ሦስት ወር እረፊ አላት። በቦታዋ ዋርሳዋን፣ የባሏን ታናሽ ወንድም፣ አስገባች። ሳቂታ፣ ሲሠራ የሚያፏጭ፣ ምንም የማይቀፈው ሰው ነው። ለጋጣው ባለቤት ለጋሼም «ዋሱ እኔ ነኝ» አለች።

ሦስቱ ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ባሏ ወሬ ይዞ ገባ። ነጯ ባዝራ ማነከስ ጀምራለች፤ አርብ ለዕርድ የሚወስዳት ሰው ይመጣል። ያቺን ባዝራ እትዬ ኤጭ ናት ከውርንጭላነቷ ያሳደገቻት። ሐሙስ ጠዋት ምርኩዟን ይዛ ባዝራዋ የታሰረችበት ጋጣ በር ላይ ቆመች።

ገለባው ወርቅ መስሏል፤ እንደ ሙሽራ ጸጉር ተበጥሯል። ዓይኗን ግን የሽንት ጭስ ለበለባት። ምርኩዟን ገለባው ውስጥ ሰካችው፤ ጠቁሮ ወጣ። መንሽ አንስታ ገለጠችው። ከሥሩ የሦስት ወር ፋንድያና ሽንት እንደ ሬንጅ ተጋግሯል፤ በመሃሉ ነጫጭ ትል ይተራመሳል።  ሻሿን አፏ ላይ ያዘች።

«እትዬ! ተሻለሽ እንዴ?» አለ ዋርሳዋ ከኋላዋ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ይሄ የሚንቀሳቀሰው!»

«ውይ፣ እሱማ ከታች ነው። ከላይ በየቀኑ አዲስ አለብሳታለሁ። ጋሼ ራሳቸው አመስግነውኛል።»

«ፈረሷ የቆመችው በጋሼ ምስጋና ላይ ነው?»

«ደግሞ ይሞቃታል። ገበና ሲሸፈን ነው የሚያምር፣ እትዬ።»

«አንሶላህንም እንዲህ ነው የምታነጥፈው? ያቺ ሚስትህ አሳዘነችኝ! ኤጭ!»

ፈገግታው ጠፋ። «ጋሼ ቢሰሙ ሁለታችንም ነን የምንባረረው። ዋሴ አንቺ ነሽ።»

እውነቱን ነው። ዝም ካለች ነገ ባዝራዋ ትሄዳለች፤ ከተናገረች የሃያ ሁለት ዓመት ቃሏ ከትሉ ጋር ይቆጠራል። ጎንበስ ብላ የባዝራዋን የፊት እግር አነሳች። የኮቴዋ ሆድ ውኃ እንደገባው ዳቦ ላሽቋል፤ በጣቷ ጫን ስትለው ጥቁር መግል ወጣ። ሽታው እንኳን ሰው ጥንብ አንሣ ያባርራል። እትዬ ኤጭ ድምጿን ከፍ አድርጋ ባለቤቱን ተጣራች።

ባለቤቱ በሚያብረቀርቅ ጫማው በሩ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ያዘ። «ምንድን ነው ይሄ ክርፋት?»

«የኔ ዋስትና ነው ጋሼ። ይግቡና ይዩት።»

«ከዚህም ይታየኛል።»

«ከዚያማ ሦስት ወር ሙሉ ሲያዩት ነበር። ይግቡ!»

ገባ። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰመጠ። ኮቴውን አፍንጫው ሥር አስጠጋችለት። ሮጦ ወጣና ግድግዳ ተደግፎ ቁርሱን መለሰ።

ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። «አንተ፣ ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ!» አለው ዋርሳዋን። ወደ እሷ ዞረና «አንቺንም ማባረር ነበረብኝ።»

«ያባርሩኝ። ግን ባዝራዋን ያሳነከሳት ይሄ እርጥብ ነው፤ አንድ ወር ደረቅ ላይ ያቁሟት። ያኔም ካነከሰች ሁለታችንንም አንድ ላይ ይሽጡን።»

«አንቺን ማን ይገዛል?» አለና አፉን ጠረገ። ትንሽ አሰበና ለዕርድ ነጋዴው አትምጣ ብሎ ላከ። አንድ ወር ሰጣት።

ዋርሳዋ ሳይሰናበታት ሄደ። ማታውን አማቷ ደውላ «ልጄን ከእንጀራው ነቀልሽው» ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችው።

ወለሉን ዝቆ፣ አጥቦና አናፍሶ ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጀባት። ጸጉሯ፣ ጥፍሯ፣ የምትውጠው ምራቅ ሳይቀር ሸተታት። ቅዳሜ አዲሱን ገለባ ጎዝጉዛ፣ ተንበርክካ፣ ባዝራዋን በቀስታ አስገባቻት።

ባዝራዋ ገለባውን አሸተተች። ከዚያ የኋላ እግሮቿን አንፈራጥጣ፣ እየተንፏፏ የሚወርድ ረጅም ሽንት ለቀቀችበት።

«ከባሌ ዘመዶች የተቆራረጥኩት ለዚህ ነው?» አለቻት። ፊቷን አጨማድዳ መንሹን አነሳችና እርጥቡን ገለባ እንፋሎቱ ሳይወጣለት ወደ ውጭ ወረወረችው።