የሰማያዊው ቤት መስኮት

በልብስ ፋብሪካው ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ ማንም በስሟ ጠርቷት አያውቅም። ቆራጯ ነበረች። ጨርቁ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አርባ ድርብ ሆኖ ይነጠፋል፤ እሷ ቅዱን ከላይ ታስቀምጣለች፣ በጠመኔ ታሰምራለች፣ ከዚያ የኤሌክትሪክ ቢላዋውን ይዛ በመስመሩ ላይ ትሄዳለች። ሰፊዎቹ እጅጌ በተጣመመባቸው ቁጥር ጥፋቱን መጀመሪያ የሚፈልጉት እሷ ዘንድ ነበር፤ አግኝተውባት ግን አያውቁም። ፋብሪካው ሲዘጋ ስሙ አብሯት ቤት ገባ። ጎረቤቱም፣ ዳቦ ሻጩም እስከ ዛሬ ቆራጯ ይላታል።

ልጇ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ የወረቀት መቁረጫ ማሽኗን ትታላት ሄደች። ከትንሽ ሻንጣ የማይበልጥ ነገር ነው፤ ከኮምፒውተር ጋር በገመድ ይያያዛል። ስክሪኑ ላይ የተሳለውን ቅርጽ ጥፍር የምታህል ስለት ወረቀት ላይ ትቆርጠዋለች። ወረቀቱ እንዳይንሸራተት መጀመሪያ ሙጫ በተቀባ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ ከነሰሌዳው ማሽኑ ውስጥ ይገባል። እናትየው ለሁለት ወር አቧራውን ብቻ ስትጠርግ ቆየች። በሦስተኛው ወር አንድ ጀልባ ቆረጠች። ቀጥሎ ጀልባው የሚሄድበትን ስንጥቅ፣ ቀጥሎም ጀልባውን የሚጎትተውን ቀጭን ወረቀት። ካርድ ሆነ፤ ጫፉን ሲጎትቱት ጀልባው ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ይሻገራል። ልጇ ከተወችው የነጭ ወረቀት ክምር እየቆረጠች፣ በቀለም እርሳስ እያቀለመች፣ ለልደትም ለምርቃትም ለዘመድ ትሰጥ ጀመር።

ከካርዶቹ አንዱ ዞሮ ዞሮ መንገዱ ጥግ ያለው ማተሚያ ቤት ደረሰ። ባለቤቱ አስጠራት። ካርዱን ሦስት ጊዜ ጎትቶ አየውና ጣቱን ተመለከተ፤ ሰማያዊ ቀለም ነክቶታል።

«እጅ ላይ የሚለቅ ነገር ለደንበኛ አይሰጥም» አላት። «ባለቀለም ወረቀት ያድርጉት። አንድ የቤቶች ማኅበር አዲስ ለሚገቡ ሰዎች ስልሳ ካርድ ይፈልጋል። ናሙናውን ለሐሙስ ያምጡልኝ። እዚህ ተራ ለሚጠብቅ ሰው እሰጠዋለሁ። ካርድ አስረጂ አይፈልግም፤ ሰውየው ራሱ ጎትቶ ከሳቀ ሥራው የእርስዎ ነው። ጠረጴዛም እዚሁ እሰጥዎታለሁ።»

ከተናገረው ሁሉ ጆሮዋ ላይ የቀረው ጠረጴዛ የሚለው ቃል ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ተነስታ የምትቆምበት ጠረጴዛ አልነበራትም።

ሰኞ ዕለት ቤቱን ስክሪኑ ላይ ሳለችው። ጭስ መውጫው በግራ፣ ሰፊ መስኮት በቀኝ። ግድግዳው ፊቱ ሰማያዊ፣ ጀርባው ነጭ ከሆነ ወረቀት ይቆረጣል። ከሥሩ ነጭ መደብ አለ፤ በመደቡ ላይ አንድ ፈገግ ያለ ፊት የተሳለበት ቀጭን ወረቀት ይንሸራተታል። ጫፉ በቀኝ በኩል ወጥቷል። ሲጎተት ፊቱ መስኮቱ ላይ ብቅ ይልና እንኳን ደስ አላችሁ የሚል ጽሑፍ ያሳያል። መደቡን ቆረጠች፣ ልክ ነው። ቀጭኑን ቆረጠች፣ ልክ ነው። ሰማያዊውን ቆርጣ ከሰሌዳው ላይ ላጠችና መደቡ ላይ አስቀመጠችው። መስኮቱ በግራ ነው።

ጫፉን ጎተተችው። ፊቱ ወደ ቀኝ ሄዶ ግድግዳ ውስጥ ገባና ቀረ።

ስክሪኑን አየች። መስኮቱ በቀኝ ነው። ወረቀቱን አየች። በግራ ነው። ሌላ ሰማያዊ ቆረጠች፤ በግራ። በነጭ ሞከረች፤ በቀኝ። በቢጫ ሞከረች፤ በግራ። ሰማያዊውን ብትገለብጠው መስኮቱ ፊቱ ላይ ያለ አንዲት ክር ስህተት ያርፋል፤ ያን ጊዜ ግን ቤቱ ነጭ ይሆናል። የተበላሹትን ቤቶች ወንበሩ ላይ ደረደረቻቸው። ከሰዓት በኋላ ስምንት ደርሰው ነበር፤ ሁሉም ንጹሕ፣ ሁሉም ግራ።

ማክሰኞ ሻለቃ ከታችኛው ፎቅ ወደ እሷ ወጣች። ሻለቃ በፋብሪካው የቆራጮች አለቃ ነበረች፤ ስሙን ያወጣላት አረማመዷ ነው። ጡረታ ከወጣችም በኋላ በር ስታንኳኳ ሰው ቀሚሱን ያስተካክላል።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ቤት?» አለች ወንበሩን እያየች። «ሰፈር ልትቆረቁሪ ነው?»

«ማሽኑ ባለቀለም ወረቀት ጠላብኝ፣ እትዬ።»

«ማሽን ደግሞ መጥላት የት ያውቃል?»

«እኔ እንጃ። ነጩን እንዳዘዝኩት ይቆርጣል፤ ሰማያዊ ሲያይ ይገለብጥብኛል። ቢጫም እንደዚያው።»

ሻለቃ አንዱን ቤት አንስታ ወደ ብርሃን ያዘችው። «ቀለሙ ይሆናል» አለች በመጨረሻ። «በብርሃን የሚያይ ከሆነ ቀለሙ ዓይኑን እያጭበረበረው ነው።»

«ዓይን እኮ የለውም።»

«ታዲያ ምን አድርጎ ነው የሚቆርጠው? በይ እስቲ ከመጀመሪያው ጀምሪ፤ እኔ ልይ።»

ሻለቃ እንደ ድሮው እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ቆመች። ቆራጯ ሰማያዊውን ወረቀት አነሳች፣ ሙጫማው ሰሌዳ ላይ አስተኛችው፣ ከመሃል ወደ ዳር በመዳፏ ዳመጠችው። ነጩ ጀርባ ለጥ ብሎ ወደ ላይ ተኛ። ሻለቃ ራሷን ነቀነቀች።

«እጅሽ አልረሳም» አለች። «እስከዚህ ድረስ እንከን የለሽም። ቀጥዪ።»

ማሽኑ ተንጫጫ፣ ቆመ። ቆራጯ ቤቱን ላጥ አድርጋ አነሳችና ሰማያዊውን ወደ ላይ መለሰችው። መስኮቱ በግራ።

«አልሸሹም ዞር አሉ» አለች ሻለቃ። «እንዲያው ምን ታደርጊበታለሽ? ቤቱ በግራ መስኮት ይኑረው። ጫፉንም በግራ አውጪው።»

«መደቡን ባዞርለት፣ ነገ ደግሞ ቀይ ወረቀት ወደ ቀኝ ቢለውስ? ምክንያቱን ሳላውቅ ስልሳ ልቁረጥ?»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ።»

«እኔ ነኝ ሞኟ፣ ወረቀቱ?»

«እሱን ሐሙስ እናያለን» አለች ሻለቃና ወጣች።

ረቡዕ ጠዋት ልጇ ጋ ደወለች። ከልጇ ጀርባ የቢሮ ጫጫታ ይሰማል።

«እማዬ፣ ‹ገልብጥ› የሚለው ላይ ምልክት አድርገሽ ይሆናል።»

«የለበትም። ሦስቴ አይቼዋለሁ።»

«እንግዲያው አድርጊበትና ሞክሪው።»

አደረገችበት። ሰማያዊው ቤት ከነመስኮቱ በቀኝ ወጣ። ስልኩን ይዛ ቁጭ አለች። ደስ አላላትም። ለማረጋገጥ በዚያው ምልክት አዲስ ነጭ መደብ ቆረጠች፤ እሱ ደግሞ ተገልብጦ ወጣ።

«ይሄማ ሊሆን አይችልም» አለች ልጇ።

«ሆነ እኮ ነው የምልሽ! ሁለቱም ፊቴ ተቀምጠዋል።»

«በቃ ለባለቀለሙ ገልብጪ፣ ለነጩ አትገልብጪ።»

«ለምን ብዬ?»

«እንጃ፣ እማዬ። ስብሰባ ገባሁ፤ ከሠራልሽ ምን ቸገረሽ?»

ከዘጋችው በኋላ ቁራጭ ወረቀት ላይ «ነጭ፣ እንዳለ። ባለቀለም፣ ተገልብጦ» ብላ ጻፈችና ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። በሕይወቷ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ የቆረጠችው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። ካርዱን ገጣጥማ ጨረሰች። ጫፉን ስትጎትት ፊቱ መስኮቱ ላይ ብቅ አለ። ደግማ ጎተተችው፤ ብቅ አለ። ምናልባት አንድ ቀን ብድግ ብሎ አልመጣም ይል ይሆናል ብላ አሥር ጊዜ ያህል ሞከረችው።

ሐሙስ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ፎቶ ኮፒ የሚጠብቅ አንድ ወፍራም ሰውዬ ነበር። ባለቤቱ ምንም ሳይናገር ካርዱን ሰጠው። ሰውየው ገለባበጠው፣ ጫፉን አየ፣ ጎተተ።

«ውይ! ሰው አለ እንዴ እቤት ውስጥ?» አለና ሳቀ። ገፋው፣ እንደገና ጎተተው። ፎቶ ኮፒው ማለቁን ሁለት ጊዜ ነገሩት።

ባለ ማተሚያ ቤቱ ረካ። «እስቲ እንግዲህ በእኛ ማሽን አንድ ቤት ይቁረጡና ይለማመዱት» አለና ወደ ውስጠኛው ክፍል ወሰዳት። እዚያ ያለችው የማሽን ሠራተኛ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ የእሷ እኩያ የምትሆን ሴት ናት። ማሽኑ እቤቷ ካለው ይተልቅ እንጂ አሠራሩ አንድ ነው። ሠራተኛዋ ሰማያዊውን ወረቀት ራሷ ሰሌዳው ላይ ለጠፈችና አስገባችው። ቆራጯ ከቤት ያመጣችውን ቅርጽ ስክሪኑ ላይ ከፈተች፣ ‹ገልብጥ› የሚለውን ነካች፣ ከዚያ ቁረጥ የሚለውን።

መስኮቱ በግራ ወጣ።

ባለቤቱ ካርዱን ከቤቱ ጋር አስተያየ። የቆራጯ ጆሮ ጋለ።

«ለምን ገለበጥሽው?» አለች ሠራተኛዋ።

«ባለቀለም ነዋ።»

«ባለቀለም ቢሆንስ?»

«ባለቀለም ሲሆን... መገልበጥ አለበት። ማሽኑ እንደዚያ ነው የሚፈልገው። የእኔ ማሽን።»

«እንደዚያ የሚፈልግ ማሽን አልተፈጠረም፣ እህቴ። እስቲ አንቺ አስገቢልኝ፤ ልክ እንደ ቤትሽ አድርገሽ።»

ቆራጯ አዲስ ወረቀት ተቀበለች። ሰሌዳው ላይ አስተኛችው፤ ከመሃል ወደ ዳር ዳመጠችው። ሠራተኛዋ መነጽሯን አደረገች።

«ምነው በአፍጢሙ ደፋሽው?»

«እንዴት ማለትሽ ነው?»

«ፊቱ ከታች ሆነ እኮ። ከጀርባ ቆርጠሽ መልሰሽ ስታዞሪው ቀኙ ግራ ነው የሚሆነው። ነጩ በሁለቱም ወገን አንድ ነው፣ ማንም አይደፋውም፤ ስለዚህ እንዳለ ይወጣል። ለምንድን ነው የምትደፊው?»

«ጨርቅ በፊቱ አይሰመርም» አለች ቆራጯ። ለሕፃን የምታስረዳ ያህል ረጋ ብላ ነበር የተናገረችው። «በውስጡ ነው። ጠመኔው ፊቱን ያበላሸዋል።»

«ጠመኔው የታለ?»

ቆራጯ እጇን አየች። በጣቶቿ መሃል ጠመኔ አልነበረም። ሻለቃም ትናንት አይደለም ከትናንት ወዲያ አጠገቧ ቆማ አይታ፣ እንከን የለሽም ብላ ነበር። ሃያ ዓመት የቆረጡ ሁለት እጆች አንድ ወረቀት ላይ ተሰብስበው አንዳቸውም አላዩትም።

ባለ ማተሚያ ቤቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ምንም አይደል» አለ በደግነት። «ወረቀቱን እሷ ታስገባልዎታለች። እርስዎ መለጣጠፉን ይያዙት።»

ቆራጯ ይህን ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት። በፋብሪካው የሚለጥፉትና የሚያጣጥፉት ሌሎች ነበሩ። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ አንድ ሰው ቢላዋውን በትሕትና ከእጇ እየወሰደ ነበር።

«አይሆንም» አለች። «ወረቀቱን የማስገባው እኔ ነኝ።»

«ስልሳ ነው እኮ። አንድ ሁለት ቢበላሽ ግድ የለም፤ ሃያው ቢበላሽስ?»

«አንድ ወረቀት ይስጡኝ።»

ሰጣት። እጇ ወዲያው ሊገለብጠው ሄደ፤ አስቆመችው። ሰማያዊውን ወደ ላይ አድርጋ አስተኛችው። ሰማያዊው እንደዚያ አፍጥጦ ሲያያት የሰው ቀሚስ በጠመኔ ልታበላሽ የተነሳች መሰላት። ስክሪኑ ላይ ‹ገልብጥ› የሚለው ምልክት እንዳለ ነው። ይነሳ ወይስ ይቆይ? ቤቷ ግድግዳ ላይ የጻፈችው ተገልብጦ ይላል። ወረቀቱ ግን አሁን አልተደፋም። ያልተደፋ ከሆነ የሚገለበጥ የለም። ወይስ አለ? ሁለት ጊዜ ሲገለበጥ መልሶ ይቃናል፤ አንድ ጊዜ ሲሆን... ባለቤቱ ሰዓቱን አየ። ሠራተኛዋ አልረዳቻትም።

ቆራጯ ምልክቱን አነሳችና ቁረጥ የሚለውን ነካች።

መስኮቱ በቀኝ ወጣ።

«ይኸው!» አለች ሠራተኛዋ።

«ስልሳውን እንዲህ ይወጡታል?» አለ ባለቤቱ።

«አላውቅም» አለች ቆራጯ። እውነቷን ነበር፤ አስባ ያገኘችው ይሁን ወይም በዕድል የወጣላት ገና አልለየችም። «ሌላ ይስጡኝ።»

ሁለተኛውን ስትቀበል እጇ ሳይጠይቃት ገለበጠው። ሰሌዳው ላይ ከማረፉ በፊት ግን ራሷ አየችው፣ ራሷም መለሰችው። ቀኝ። ሦስተኛውን ሙጫው ላይ ከማሳረፏ በፊት ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ታየ፤ ፊት፣ ፊት፣ ፊት ትል ነበር። ቀኝ። አራተኛውን ባለቤቱ አላየውም፤ ደንበኛ መጥቶበት ወጥቶ ነበር። ተመልሶ ሲመጣ አራት ሰማያዊ ቤቶች ጎን ለጎን ተደርድረው አገኘ።

«ሰኞ ጠዋት ይምጡ» አላት።

«ጠረጴዛው የትኛው ነው?»

መስኮቱ ሥር ያለውን አሳያት። ጊዜ ያለፈባቸው የቀን መቁጠሪያዎችና የታሰሩ ካርቶኖች እስከ መስኮቱ ድረስ ተከምረውበት ነበር። ቆራጯ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና የመጀመሪያውን ካርቶን አቅፋ አነሳች።

«ኧረ ሰኞ አልኩ እኮ» አለ ባለቤቱ።

«ሰምቻለሁ» አለችና ካርቶኑን የት እንደምታደርገው ዙሪያዋን ትመለከት ጀመር።