ሣር የተሞላው ጥጃ

የጥጃውን ቆዳ ሣር የሞላችው እናቴ ናት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከጋምቤላ ከተማ በሚኒባስ ተሳፍሬ ኢታንግ ወረድኩ። ከዚያ በእግሬ ሰፈራችን ስደርስ የበረቱን አጥር ተደግፎ ቆሞ አገኘሁት። እግሮቹ የሉም። ሆዱ በደረቅ ሣር ተወጥሯል፤ በዓይኖቹ ቦታ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ከሩቅ ሲያዩት ግን ጥጃ ይመስላል። ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁት።

ፎቶውን የፈለግሁት ለአሳይመንት ነበር። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የባዮሎጂ መምህራችን በዚያ ሳምንት ያስተማረን ሆርሞን በእንስሳትና በሰው ባሕርይ ላይ ስላለው ተጽዕኖ ነው። ከደጋ የመጣ፣ የጋምቤላን ሙቀት ገና ያልለመደ ሰው ነው፤ እያስተማረ በመሐረብ አንገቱን ይጠርጋል። "መጽሐፍ ላይ ያለውን ገልብጣችሁ እንዳታመጡልኝ" አለን። "እያንዳንዳችሁ ከመንደራችሁ አንድ ነገር አምጡ። ሰዎች ስሙን ሳያውቁ ሆርሞንን ሲጠቀሙበት ያያችሁትን።"

እኔ ወዲያው ትዝ ያለኝ ይህ ቆዳ ነው። ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተቷን ትይዛለች። እኛ ዘንድ የጥጃው ቆዳ ይገፈፍና ሣር ተሞልቶ፣ ጨው ተቀብቶ ፊቷ ይቆማል። ላሟ ታሸተዋለች፣ ትልሰዋለች፣ ከዚያ ወተቷን ትለቃለች። ከልጅነቴ ጀምሮ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ለምን እንደሚሆን ግን ጠይቄ አላውቅም። አሁን መልሱ ደብተሬ ውስጥ ነበር። ሽታውና መላሱ አንጎልን ያነቁታል፤ አንጎል ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል፤ ሆርሞኑ ጡት ውስጥ የተጠራቀመውን ወተት ገፍቶ ያወርዳል። እናት ልጇን እንድትጠጋና እንድትጠብቅ የሚያግዛትም ይኸው ሆርሞን ነው። በበጎች ላይ በተደረጉ ምርምሮች፣ የሌላ በግ ግልገል ስታይ በግንባሯ ትገፋ የነበረች በግ ሆርሞኑ ሲሰጣት ግልገሉን እንደምትቀበለው መምህራችን ነገረን።

"የራሷ ያልሆነውን?" ብዬ ጠየቅሁት።

"የራሷ ያልሆነውን" አለኝ።

ይህን ደብተሬ ላይ ደጋግሜ አሰመርኩበት። ያሰመርኩት ግን ለአሳይመንቱ ስል ብቻ አልነበረም።

ታላቅ እህቴ በዚያ ወር መንታ ወልዳ ነበር። አንደኛው እያለቀሰ ወጣ። ሁለተኛው ዓይኑን ሳይገልጥ አደረና ሲነጋ ትንፋሹ ቆመ። እኛ ኑዌሮች ዘንድ መንታ እንደ ወፍ ይቆጠራልና ሲሞት "ሞተ" አይባልም፤ "በረረ" ነው የሚባለው። ቤተ ክርስቲያን የምንሄድ ሰዎች ነን፤ እናቴ ግን በዚህ ቃል አትደራደርም። በስልክ የነገረችኝም እንዲሁ ብላ ነው፤ "አንዱ በረረ፣ አንዱ አለ።"

ከዚያ በኋላ በደወልኩ ቁጥር ስላለው ልጅ የምሰማው ነገር እየከፋ ሄደ። እህቴ ልጁን አታቅፈውም። ሲያለቅስ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እናቴ አንስታ የእህቴ ጡት ላይ ስታደርገው ትንሽ ይስብና ምንም ሳያገኝ ይተወዋል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ልጁ ክብደቱ እየቀነሰ እንደሆነ፣ በዚህ ከቀጠለ እንደማይቆይ፣ ያልተጠባ ጡትም እንደሚደርቅ ተናግራ አስጠንቅቃቸዋለች። ባሏ ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ ውኃ ማደያ ላይ ነው የሚሠራው፤ እሁድ መጥቶ ልጁን እያየ ይቀመጥና ይመለሳል። እናቴ ሲጨንቃት የላም ወተት በውኃ እያቀጠነች በማንኪያ ታጠጣው ጀመር። ነርሷ ይህንንም ከልክላ ነበር፤ ግን የሚርበው ልጅ ቤት ውስጥ ነው ያለው፣ ነርሷ ጤና ጣቢያ ናት። ልክ በዚያን ጊዜ ጥጃው ተቅማጥ ይዞት ሞተ፤ ላሟም ወተቷን ያዘች። ሣር የተሞላው ቆዳ አጥሩ ላይ የቆመው ለእህቴ ልጅ ነው።

ወደ ማምሻው እናቴ ቆዳውን ተሸክማ ላሟ ፊት አቆመችው። እኔ ቅሉን ይዤ ለማለብ ተቀመጥኩ። ላሟ አንገቷን አዙራ አሸተተችኝና የኋላ እግሯን አነሳች።

"ሳሙናሽ ሸትቷት ነው" አለች እናቴ። "ምን ዓይነት ሳሙና ነው እዚያ የምትታጠቡበት?"

"የዶርም ጓደኛዬ ናት የሰጠችኝ።"

"ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ላም እንኳ የማታውቅሽ ሆንሽ። በይ እጅሽን አመድ አስነኪው።"

እጄን በኩበት አመድ አሸሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ። እናቴ ቆዳው ላይ ጨው እያሸች ላሟን በለሆሳስ ታናግራታለች። አጥሩ ጋ የቆሙትን ልጆች በእጇ ምልክት አባረረቻቸው። ላሟ ቆዳውን ላሰችው። ጣቶቼ መካከል የነበረው ባዶ ጡት ቀስ ብሎ ሞላ፤ ከዚያ ወተቱ የቅሉን ግድግዳ መታው። ደስታዬን መያዝ አቃተኝ።

"እማ፣ ይህ ለምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?"

"ልጇ መስሏት ነዋ።"

"ደሟ ውስጥ የሚላክ መልእክተኛ አለ።" ቤት የምንነጋገረው በኑዌርኛ ነው፤ ሆርሞን ለሚለው ቃል ከዚህ የተሻለ አላገኘሁለትም።

"ማን ነው የላከው?"

"ጭንቅላቷ።"

"ወዴት?"

"ወደ ጡቷ።"

"አንድ ገላ ላይ እያሉ መልእክተኛ ምን ያደርግላቸዋል? ተጣልተዋል እንዴ?"

ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ጨዉን ከመዳፏ አራገፈችና "ሰው ላይስ አለ?" አለችኝ።

"አለ። ያው ራሱ ነው። ልጁ ገላዋ ላይ ሲተኛ፣ ስታሸተው ይመጣል። ወተቱም ፍቅሩም በሱ ነው የሚመጣው።"

ይህን ስናገር ድምፄን ዝቅ አላደረግሁም። የጎጆው ግድግዳ ስስ ጭቃ ነው፤ እህቴ ከጀርባው ተኝታለች።

ጠዋት እናቴ የልጁን ልብስ አውልቃ እህቴ ደረት ላይ አስተኛችው። ሊጠይቁ የመጡ ሁለት የጎረቤት ሴቶች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ጎኗ ተንበርክኬ፣ መምህራችን እንዳስረዳን አድርጌ ላስረዳት ሞከርኩ።

"ራሱን አሽቺው። ዝም ብለሽ ትንሽ ታገሺ፣ ይመጣል።"

"ምኑ?"

"ሆርሞኑ።"

ከመጣሁ ጀምሮ ዓይኔን ያየችው ያኔ ነው።

"ትናንት ለላሟ የመጣው?"

ጎንበስ ብዬ የልጁን ጀርባ በአንሶላው ጫፍ ሸፈንኩት።

"ታዲያ እኔንም ፎቶ አንሺኛ። እሷን አንስተሻት የለ?"

"ቆዳውን ነው ያነሳሁት።"

"ይሄም ቆዳ ነው።" ደረቷ ላይ የተኛውን ልጅ በአገጯ አሳየችኝ። "የዚያኛውን ፊት ለብሶ ነው የሚመጣብኝ። ፊታቸው አንድ ነበር። እማ ታውቃለች። የትኛውን ነው አጥቢ የምትሉኝ?"

ከሴቶቹ አንደኛዋ "እንዲህ አይባልም ልጄ፣ የተረፈልሽን አመስግኚ" አለቻት። ሌላዋ እጇን ዘርግታ የእህቴን ጡት ጫን ጫን አድርጋ፣ "ደርቋል፣ አላልኳችሁም?" አለች። እህቴ ወደ ግድግዳው ዞረች። ልጁ ማልቀስ ጀመረ፤ ለቅሶው እንደ ድመት ልጅ ድምፅ ቀጭን ነበር። እናቴ አንስታው ማንኪያውን ፍለጋ ሄደች።

ውጭ ወጥቼ ማንጎው ጥላ ሥር ተቀመጥኩና ደብተሬን ገለጥኩ። መምህራችን የነገረን ሌላ ነገርም ነበር፤ እሱ ሥር አላሰመርኩም። የፈራ ወይም የተጨነቀ እንስሳ ወተት አይለቅም። የድንጋጤ ጊዜ ሆርሞን ኦክሲቶሲንን ያግደዋል፤ ጡቱ ሞልቶ እያለ ወተቱ አይወርድም። ይህን ሳነብ እናቴ ትናንት ልጆቹን በእጇ ስታባርር ታየችኝ። እኛ ዘንድ ላም ስትታለብ እንግዳ አይቆምባትም። እህቴን ግን ከወለደች ጀምሮ ማንም ብቻዋን ትቷት አያውቅም። ለአንዱ ሊያዝን፣ በሌላው ደስ ሊለው የሚመጣው ሰው አይቋረጥም፤ ሁሉም ጡቷን አይቶ፣ ምክር ሰጥቶ ይሄዳል። ብቻዋን መተው እኛ ዘንድ ነውር ነው። ጠዋት ከነዚህ ሰዎች አንዷ እኔ ነበርኩ፤ ያውም ሆርሞን ይዤ የመጣሁ።

እናቴን ፈልጌ "እማ፣ ዛሬ እሷ ጋ ሰው አይግባ" አልኳት።

"ሊጠይቁ የመጡትን በምን አፌ ነው የምመልሳቸው?"

"ላሟ ስትታለብ በምን አፍሽ ትመልሻቸዋለሽ?"

ተቆጥታ ትክ ብላ አየችኝ። ቀጥሎ በርጩማዋን ይዛ ሄዳ የግቢው መግቢያ ላይ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ የመጣውን ሁሉ እዚያው እያስቀመጠች፣ እዚያው እያጫወተች ስትመልስ ዋለች። ለአንዷ ስለ እኔ ውጤት፣ ለሌላዋ ስለ ባሮ ወንዝ ሙላት ስታወራ ሰማሁ።

ወደ ማምሻው ቅሉን ይዤ ወደ በረቱ ስሄድ እህቴ አንሶላ ተጠቅልላ ከጎጆው ወጣች። ከወለደች ወዲህ ከደጃፉ አልፋ አታውቅም።

"ቆዳውን እኔ ልያዝልሽ" አለችኝ።

ላሟ ፊት አቆመችው። ላሟ አሸተተችው። ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ ጥጃው ታሞ ወደሞተበት ዛፍ ተመለከተችና ረጅም ድምፅ አሰማች። ጥቂት ጠበቀች። የመለሰላት አልነበረም። ቆዳው ላይ ጎንበስ ብላ መላስ ጀመረች፤ ወተቱ ወረደ።

"ታውቃለች" አለች እህቴ።

"ምኑን?"

"እንዳልሆነ።"

"ታዲያ ለምን ትሰጣለች?"

በጣቷ የቆዳውን ጆሮ ታስተካክላለች። "ሞልቶባት፣ እያመማት ይሆናል" አለች። "የኔም እያመመኝ ነው። ደርቋል የሚሉት ውሸታቸውን ነው።"

ደብተሬ ላይ ለዚህም የሚሆን ነገር ነበረኝ። አልተናገርኩም።

"አምጪው" አለችኝ። "ግን እንዳታዪኝ። እማም እንዳታየኝ። ምንም እንዳትነግሩኝ።"

ልጁን አምጥቼ ሰጠኋትና ሳልዞር ወደ መግቢያው ሄድኩ። እሷ ከላሟ ጀርባ ባለው ግንድ ላይ፣ ለእኛ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። እናቴ ልትነሳ ስትል ቀሚሷን ይዤ አስቀመጥኳት። ሁለታችንም መንገዱን እያየን ቀረን። ጄሪካን የጫነ ባጃጅ ወደ ኩሌ ካምፕ አቅጣጫ አለፈ። ልጁ አለቀሰ፤ ከዚያ ዝም አለ።

"እየጠባ ነው ወይስ ደክሞት ነው?" አለች እናቴ በሹክሹክታ።

"አላውቅም።"

"መልእክተኛሽስ ምን ይላል?"

"እሱንም አላውቅም፣ እማ።"

የእናቴ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለየች ነበር። ቆይቶ እህቴ መጣች። ልጁ የጠባው በአንድ በኩል ቢሆንም አንሶላዋ በሁለቱም በኩል በወተት ርሷል። ልጁን ሳታየው ሰጠችኝ። አገጩ ላይ ወተት ነበር። እናቴ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ከዚያ በእጇ ከደነችው።

እሁድ ወደ ጋምቤላ ተመለስኩ። በተመደበልኝ ቀን ፎቶውን በፕሮጀክተር አሳይቼ ስለ ላሟ አቀረብኩ። ከደጋ የመጡ ሁለት ልጆች እነሱም አገር ተመሳሳይ ነገር እንደሚደረግ ተናገሩ። ክፍሉ በእግር አልባው ጥጃ ትንሽ ሳቀ። መምህራችን ደስ ብሎት ነበር።

"ጥሩ ነው" አለኝ። "እስቲ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጊልን። ይህ ነገር ሰው ላይስ ምን ያህል ይሠራል ትያለሽ?"

መምህር ሲጠይቀኝ ሳልመልስ ቀርቼ አላውቅም። ደብተሬ ውስጥ የሚበቃ መልስ ነበረ፤ መምህሩም የሚጠብቀው ያንኑ እንደሆነ ከፊቱ ያስታውቃል። ስለ እህቴ ሳልናገር ግን እውነቱን መናገር አልቻልኩም፤ ስለ እሷ ደግሞ አልናገርም።

"ወተቱ ላይ ይሠራል" አልኩት። "ሌላውን አላውቅም።"

መሐረቡን አውጥቶ አንገቱን ጠረገ። "ተመራማሪዎቹም ሌላው ላይ ገና እየተከራከሩ ነው" አለና ተቀመጪ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ለእናቴ ደወልኩ። መጀመሪያ ስለ ላሟ ነገረችኝ። ቆዳውን ምስጥ በልቶታል፤ ላሟ ግን አሁን ያለ እሱም ትለቃለች።

"እሷስ?" አልኳት።

"ታጠባዋለች። ነርሷም ጨምሯል ብላለች። ሰውም አላስገባም፣ እንዳልሽው።"

"ታየዋለች?"

"ሲተኛ" አለች እናቴ። "ሲነቃ ትዞራለች። ሲተኛ ግን እላዩ ላይ ጎንበስ ብላ ታየዋለች፣ ረጅም ጊዜ።"

"ጥሩ ነው" አልኳት፤ እንድትሰማ የፈለገችው ይህን ነበርና። ስልኩን ዘግቼ ዶርሙ ደጃፍ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የበረረውንም ያየችው ተኝቶ ብቻ ነው።